የ90 በመቶው ተረት እና የአምስት ደቂቃው ጥያቄ

በመምህራን የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ሥዕል ደጋግሞ ይዞራል። ባለብዙ ቀለም ፒራሚድ ነው። ጫፉ ላይ «ያነበብነውን 10 በመቶ እናስታውሳለን» ይላል። ወረድ ሲል «የሰማነውን 20 በመቶ»፣ «ያየነውን 30 በመቶ»፣ «ያየነውንም የሰማነውንም 50 በመቶ» እያለ ይቀጥልና ግርጌው ላይ «ራሳችን የሠራነውን 90 በመቶ» ብሎ ያርፋል። ሥዕሉን የሚያጋራው ሰው ብዙ ጊዜ ከሥሩ አንድ ነገር ያስከትላል፦ የቪዲዮ መተግበሪያ፣ የስላይድ ማዘጋጃ፣ ወይም ሥራ ለበዛበት መምህር ጊዜ ይቆጥባሉ የተባሉ የኦንላይን መሣሪያዎች ዝርዝር። በሥልጠና አዳራሽም አይጠፋም። አሠልጣኙ በጣቱ ይጠቁማል፣ ሠልጣኙ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ቁጥሩም ወደ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ይሻገራል።

ቁጥሮቹ ከየትም ጥናት አልመጡም። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኤድጋር ዴል በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ (ከዚህ በታች በሌላ ካላመለከትኩ ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማስተማሪያ ዓይነቶችን ከተጨባጭ ወደ ረቂቅ የደረደረበት አንድ ሾጣጣ ሥዕል አለ። ቀጥተኛ ልምድ ከታች፣ ቃላት ከላይ። ሥዕሉ ላይ አንድም የመቶኛ ቁጥር የለም። ዴል ራሱ ሾጣጣውን የጥሩና የመጥፎ ደረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱት ብሎ አስጠንቅቋል። ቁጥሮቹ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ የፊልምና የድምፅ መሣሪያዎችን በሚመለከት አንድ መጽሔት ላይ ያለ ምንም ማስረጃ ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ሾጣጣውንና ቁጥሩን አጋባቸው። ፒራሚዱ የእኔ ነው የሚለው የአሜሪካ የሥልጠና ተቋምም ዋናውን ጥናት አሳዩን ሲባል በእጄ የለም የሚል መልስ ነው የሰጠው።

ታሪኩን ባናውቅ እንኳ ሥዕሉ ራሱ ያሳብቅበት ነበር። ሰውን የለካ ጥናት ሁሌ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር አያወጣም። ደግሞስ ያነበበው ምን ነበር? ግጥም ነው ወይስ የኬሚስትሪ ቀመር? ያነበበውስ ማነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ 10 በመቶ የቀረው ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ነው? ከአምስት ደቂቃ ነው፣ ከአንድ ወር? ጊዜ ያልተጠቀሰበት የማስታወስ ቁጥር ትርጉም የለውም። ከዚህ ጥያቄ ብንነሣ ለመምህሩ የሚጠቅመው ሳይንስ ጋ እንደርሳለን፤ ከኦንላይን መሣሪያዎቹም የትኛው የመምህሩን ድካም እንደሚያቃልል፣ የትኛው ጌጥ ብቻ እንደሆነ እንለያለን።

 በቀጥታ ወደ መርሳት እንለፍ።

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ያሳተመው ጥናት ተሳታፊው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ነው። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን እየደረደረ ያጠናል፤ ከዚያ የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለት ይለካል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ድካሙ በ58 በመቶ ቀነሰ። ከአንድ ቀን በኋላ በ34 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ በ21 በመቶ። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ በኋላ ይረጋጋል። ከአንድ ቀን እስከ አንድ ወር የጠፋው መጀመሪያው ቀን ላይ ከጠፋው በጣም ያንሳል። በ2015 የደች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው መስመር አግኝተዋል። ሰኞ ያስተማረ መምህር ማክሰኞ ያገኘው ክፍል ሰኞ የተወው ክፍል አይደለም። ጥፋቱ የተማሪው ስንፍና ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፒራሚዱ መልስ መንገድ ለውጡ ነው፤ ንባቡን ወደ ቪዲዮ፣ ቪዲዮውን ወደ ሥራ። የማስታወስ ጥናት መልስ ግን ሌላ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጫጭር ሳይንሳዊ ጽሑፎች አስነበቡ። ግማሹ ጽሑፍ ሁለቴ ተነበበ። ግማሹ አንዴ ተነበበና ወረቀቱ ተወስዶ «የምታስታውሱትን ጻፉ» ተባለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ሁለቴ የተነበበው ይበልጥ ነበር፦ 81 በመቶ ለ75። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ደጋግማችሁ አንብቡ» ብለን በሄድን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለቴ የተነበበው 54፣ አንዴ ተነብቦ አንዴ የተጠየቀው 68። ከሳምንት በኋላም 42 ለ56። ጥያቄው ላይ ምንም እርማት አልተሰጠም፤ መልሱንም ማንም አልነገራቸውም። ለውጡን ያመጣው ከአእምሮ ለማውጣት የተደረገው ጥረት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ያስገርማል። አንዱ ቡድን በአራት ዙር ጽሑፉን ብቻ ደጋገመ፤ ሌላው በአንድ ዙር አንብቦ በሦስት ዙር ራሱን ጠየቀ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 61 በመቶ አስታወሰ። ከመለያየታቸው በፊት «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ነበር። ብዙ አስታውሳለሁ ያለው ያ ሲያነብ የዋለው ቡድን ነው። በድጋሚ ስናነብ ገጹ ቶሎ ይገባናል፤ ያ ቅለት ደግሞ ዕውቀት ይመስለናል። «መምህር፣ እያወቅሁት እኮ ነው የጠፋብኝ» የሚለው ተማሪ አልዋሸም። ተታሎ ነው።

ይህ የሚሆነው ለምንድነው? ከማብራሪያዎቹ እኔ የማደላው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሆኑት ለሮበርትና ለኤሊዛቤት ቢዮርክ ነው። በ1992 ባቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱ ትውስታ ሁለት መለኪያ አለው። አንዱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ ተቀምጧል የሚለው ነው። ሌላው አሁን በዚህች ደቂቃ ምን ያህል በቀላሉ ይወጣል የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። አሁን የተነገረህ የስልክ ቁጥር በቀላሉ ይወጣል፤ ሥር ግን የለውም፤ ነገ የለም። የአንደኛ ክፍል መምህርትህ ስም ሥር አለው፤ ሆኖም አሁን ጠይቁኝ ብትል አፍህ ላይ ሊሰናከል ይችላል።

የንድፈ ሐሳቡ ዋና ሕግ ይህ ነው፦ አንድ ነገር በዚያች ሰዓት ለመውጣት በተቸገረ መጠን፣ ተቸግሮም ቢሆን ከወጣ፣ ሥሩ የበለጠ ይጠልቃል። በቀላሉ የወጣ ነገር ብዙም አይጨምርም። ከጎተራ የወጣ እህል ይጎድላል፤ ከአእምሮ የወጣ ግን ያንኑ ጎተራ ይሞላል፤ ያውም አወጣጡ በከበደ ቁጥር።

ከዚህ አንድ ሕግ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይወጣል። አንደኛው ጥያቄ ከድጋሚ ንባብ ለምን እንደሚበልጥ ነው፤ ንባብ መልሱን ዐይናችን ፊት ስለሚያስቀምጠው የምናወጣው ነገር አይኖርም። ሁለተኛው ለምን ጥያቄን ማራራቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ዛሬ ያስተማርከውን ዛሬ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ብትጠይቅ ሁሉም ይመልሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ የሚጨመረው ግን ትንሽ ነው። ጥቂት እስኪረሳ መጠበቅ አለብህ። መርሳት የመማር ጠላት ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው።

ስንት ቀን ይጠበቅ? በ2008 ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ ከ1,350 በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት አሳትፈው ይህን ለኩ። ሰዎቹ ያልተለመዱ መረጃዎችን ይማራሉ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ይከልሳሉ፣ ከዚያ ሌላ የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ይፈተናሉ። ፈተናው ከክለሳው በኋላ በ7ኛው ቀን ሲሆን ምርጡ ክፍተት አንድ ቀን ነበር። በ35ኛው ቀን ሲሆን 11 ቀን፤ በ70ኛው ሲሆን 21 ቀን። ማለትም ሁሉን የሚገዛ አንድ ትክክለኛ ክፍተት የለም። ለሳምንቱ ኩዊዝ የሚያዘጋጅ መምህርና ለሴሚስተሩ ፋይናል የሚያዘጋጅ መምህር አንድ ዓይነት ክለሳ አያስፈልጋቸውም። እጅግ በጣም ከማቀራረብ ግን አርቆ መሳሳት ይሻላል፤ ጉዳቱ ያንሳል።

ይህን ሁሉ ወደ ክፍል ስናወርደው አምስት ደቂቃ ይሆናል። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ደብተር ሳይገለጥ ሦስት ጥያቄ፦ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት ወይም ከዚያ ቀደም ካለው፣ አንዱ ካለፈው ወር። (ፈተና ሳይሆን ጥያቄ የምለው ማርክ ሊስት ላይ ስለማይገባ ነው፤ ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ።) ለዚህ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል። ኢንተርኔት የለም፣ መብራት ጠፍቷል የሚል ሰበብ አይሠራም።

እንግዲህ የኦንላይን መሣሪያው ቦታ የት ነው? እርማቱ ላይ ነው። አንድ መምህር 50 ተማሪ ያለባቸው አምስት ሴክሽኖች ቢኖሩት ተማሪው 250 ነው። ለአንድ ወረቀት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢያጠፋ 250 ደቂቃ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን በሳምንት ሁለቴ አድርግ የሚል ሰው አስተምሮ አያውቅም። ስለዚህ ጊዜ ይቆጥባል የተባለን መሣሪያ ሁሉ በሁለት ጥያቄ መዝኑት፦ ተማሪው መልሱን ከራሱ እንዲያወጣ ያስገድደዋል? እርማቱን ከመምህሩ ትከሻ ያወርዳል? ሁለቱንም ካላደረገ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ። የሚያንጸባርቅ ስላይድ ማዘጋጃ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይወድቃል።

ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ነጻ ናቸው።

ቴሌግራም በ2020 መጀመሪያ ላይ የምርጫ መጠይቁን ወደ ኩዊዝ የሚቀይር አማራጭ ጨመረ። ብዙው መምህርና ተማሪ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ስላለው ሌላ መተግበሪያ አውርዱ ማለት አያስፈልግም። ተማሪው መልስ ሲነካ ትክክል መሆኑ ወዲያው ይታየዋል። ቆየት ብሎ ደግሞ ለተሳሳተ ተማሪ ብቅ የሚል ማብራሪያ መጻፍ ተችሏል። ያንን ቦታ ባዶ አትተዉት። በ2005 ሮዲገርና ኤሊዛቤት ማርሽ እንዳሳዩት ባለምርጫ ጥያቄ አንድ የተደበቀ ጉዳት አለው፤ ተማሪው የመረጠውን የተሳሳተ አማራጭ እውነት ብሎ ይዞት ሊሄድ ይችላል። በ2008 በትለርና ሮዲገር ደግሞ ትክክለኛው መልስ ሲነገረው ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። ትክክለኛው መልስ ያልተነገረበት ኩዊዝ ስሕተትን ሊያስጠና ይችላል።

ጎግል ፎርምስ ከቴሌግራም ትንሽ ሥራ ይጠይቃል፤ በምትኩ የክፍሉን ሁኔታ ይነግራችኋል። ቅንብሩ ላይ ኩዊዝ አድርጉት፣ የመልስ ቁልፉን ሙሉ፣ ውጤቱም ተማሪው እንደላከ ወዲያው እንዲታየው ምረጡ። በማጠቃለያው ገጽ ብዙ ሰው የሳታቸው ጥያቄዎች ለብቻ ተለይተው ይወጣሉ። ነገ እንደገና የሚብራራው ያ ነው፤ የተቀረውን መድገም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚያስተምሩ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። አጭር መልስ የሚያርመው ኮምፒዩተር ፊደልን ከፊደል ጋር ያመሳክራል እንጂ አያነብም። ለእኛ ፀ እና ጸ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ሐ፣ ሀ እና ኀም እንዲሁ እርስ በርስ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከገባበት ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ተማሪው ቁልፉ ላይ «ፀሐይ» ለተባለው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ይሳሳታል። ለዚህች አንዲት ቃል የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛውን (ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩ) በስድስት መንገድ መጻፍ ስለሚቻል 12 ዓይነት አጻጻፍ አለ። መፍትሔው ቁልፉ ላይ የተለመዱትን ሁሉ መደርደር ነው፤ ፎርምስ ከአንድ በላይ ተቀባይነት ያለው መልስ ይፈቅዳል። ካልሆነ ጥያቄውን በምርጫ አድርጉት።

ተማሪዎቹ ስልክ ከሌላቸው ወይም ትምህርት ቤቱ ስልክ ካልፈቀደ ፕሊከርስ አለ። ስልክ የሚያስፈልገው መምህሩን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይይዛል። ቅርጹ አራት ጎን ስላለው የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደዞረ መልሱን ይናገራል። መምህሩ ስልኩን በክፍሉ ላይ ሲያዞር ካሜራው የማን ካርድ ወዴት እንደዞረ ይለቅማል። ቅርጾቹ ስለሚለያዩ ከጎን ያለ ተማሪ መኮረጅም ይቸግረዋል። ሰፊው የካርድ ስብስብ 63 ነው፤ የተጨናነቀ ክፍልም ይችላል።

ለብቻው የሚያጠና ተማሪ ደግሞ አንኪ የተባለ የካርድ መተግበሪያ አለለት፤ በአንድሮይድና በኮምፒዩተር ነጻ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ተማሪው መልሱን ለራሱ ይናገራል፣ ካርዱን ይገለብጣል፣ ከብዶኝ ነበር ወይም ቀሎኛል ይላል፤ ፕሮግራሙ ካርዱ የሚመለስበትን ቀን ያሰላል። ስሌቱ የማይገባችሁ ከሆነ የወረቀት አያቱን ተመልከቱ። ሴባስቲያን ላይትነር በ1972 ያስተዋወቀው ሳጥን አምስት ክፍል ነበረው። የተመለሰ ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ ያልተመለሰ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ወደ ኋላ ያሉት ክፍሎች ረዘም ባለ ጊዜ ይከፈታሉ። ካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል።

ካሁት የሚባለውን የኖርዌይ ጨዋታ ልጆች ይወዱታል፤ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። የቢዮርኮችን ሕግ አስታውሱ፦ ብዙ የሚያተርፈው እየተቸገረ ያወጣው ነው። ሰዓቱ የሚቀጣውም ያንኑ ልጅ ነው። ከተጠቀማችሁ ሰዓቱን አርዝሙት፤ የነጥቡን ውድድርም አታጋንኑት።

ለሁሉም ባለምርጫ ጥያቄ የሚሠራ አንድ ስሌት ልጨምር። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ቀርቦ 30ው በትክክል መለሱ እንበል። ግማሹ ገብቶታል ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ያላወቁት በግምት ከነኩ ከአራቱ አንዱ ይቀናዋል። በትክክል የሚያውቁት 20 ቢሆኑ ከቀሩት 40 ውስጥ አሥሩ በዕድል ያገኙታል፤ ድምሩ 30። የገባቸው ሲሶው እንጂ ግማሹ አይደሉም። ተማሪ ሁሉ በዘፈቀደ አይገምትም፤ ስለዚህ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ቢሆንም ስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ ብዙ ጊዜ ከእውነታው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ራሴ ዘርፍ፣ ወደ ማስታወስ ጥናት፣ ክርክር ልግባ፤ ፒራሚዱን ያለማስረጃ ተናገረ ብዬ የከሰስኩ ሰው የራሴን ቤት ሳልፈትሽ ባልፍ አያምርብኝም።

ጥያቄ ትውስታን ያጠነክራል የሚለው ላይ ብዙ ክርክር የለም። በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የጥናት ዘዴዎችን መዝነው ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ያሏቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ራስን መጠየቅና ጥናትን ማራራቅ። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛው ምድብ ላይ ወደቁ። በ2021 የወጣ 222 ጥናቶችንና ከ48,000 በላይ ተማሪዎችን የሰበሰበ ትንተና ደግሞ በመደበኛ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኩዊዝ ውጤትን በግማሽ መደበኛ ልይይት ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አገኘ። ይህ ማለት ከ100 ተማሪ 50ኛ የነበረ ልጅ ሌሎቹ ባሉበት ቢቆሙ ወደ 31ኛ አካባቢ ይወጣል። ትልቅ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

የምንጣላው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንደኛ፣ ለምን ይሠራል የሚለው አልተቋጨም። እኔ የቢዮርኮችን ወደድኩ። ሌሎች ግን ነገሩን ለማውጣት ስንፈልግ ተያያዥ ሐሳቦችን ስለምንቀሰቅስ ነው ይላሉ፤ ካርፒኪ ራሱ ደግሞ ትውስታው የተፈጠረበትን ሁኔታ መልሶ ማግኘት ላይ ያተኩራል። ሁለተኛ፣ በ2015 ታማራ ቫን ጎግና ጆን ስዌለር ትምህርቱ በተወሳሰበ ቁጥር የጥያቄው ጥቅም ይቀንሳል ብለው ተከራከሩ፤ ካርፒኪና ዊልያም ኦው ደግሞ በዚያው መጽሔት ማስረጃው ያን አያሳይም ብለው መለሱ። እኔ ከካርፒኪ ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምለውን በጥርጣሬ ስሙኝ። ለሒሳብና ለፊዚክስ መምህር ጠቃሚው ምክር ከሁለቱም ወገን ጋር ይስማማል፦ አዲስ የስሌት ዓይነት ሲጀመር መጀመሪያ ተሠርተው ያለቁ ምሳሌዎችን በብዛት አሳዩ፤ ተማሪው መንገዱን ካየ በኋላ ጥያቄው ይምጣ። ያልገባን ነገር ከአእምሮ ማውጣት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ብዙዎቹም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ኢሊኖይ ኮሎምቢያ በሚገኝ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ8ኛ ክፍል ሳይንስ የተደረገው የ2011 ጥናት እንኳ ለያንዳንዱ ተማሪ መልስ መስጫ መሣሪያ ነበረው። ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ የሚማርበት ክፍል ሌላ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን በአምስት ደቂቃ ጥያቄ እንፈታዋለን የሚል ሰው ከፒራሚዱ አከፋፋዮች አይሻልም።

አራተኛው ተቃውሞ ከአንባቢ የሚመጣ ነው፦ «ይህ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ መጽሐፉ ታጥፎ የኔታ ፊት ቆሞ ያለበትን ያወርዳል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም በእንጨት ለውሕ ላይ የተጻፈው በቃል ከተያዘ በኋላ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ሁለቱም ከአእምሮ ማውጣትን ከዘመናዊው ቤተ ሙከራ አስቀድመው አውቀዋል። እዚያ የሚፈለገው ቃሉ ሳይዛነፍ እንዲመለስ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ትክክል ነው። በባዮሎጂ ክፍል ግን የሚወጣው ሐሳብ መሆን አለበት። በ2011 ካርፒኪና ጃኔል ብለንት «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የተጠየቁት ተማሪዎች የሐሳብ ካርታ ከሠሩት በልጠው የተገኙት ቀጥታ ጽሑፉ ላይ ባለው ብቻ ሳይሆን ከጽሑፉ ተነሥቶ መደምደሚያ በሚጠይቀውም ነው። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ብለህ ከጠየቅህ ትርጉም ይሸመደዳል። «ቅጠሉ በጥቁር ወረቀት ቢሸፈን ስታርቹ ምን ይሆናል?» ብለህ ብትጠይቅ ተማሪው ያስባል። መሣሪያው የምታስገቡበትን ይጠይቃል። ጥያቄ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማርቀቅም ይቻላል፤ የመልስ ቁልፉን ግን ራሳችሁ ሳታዩ አትልቀቁ፤ በተለይ በአማርኛ ሲጽፍ በሙሉ ልብ ይሳሳታል።

አሁን ማርክ። የእኛ ሥርዓት ተከታታይ ምዘና የሚባል ነገር ካወጀ ቆይቷል። በወረቀት ላይ ከዚህ መጣጥፍ ጋር አንድ ነው፦ ቶሎ ቶሎ ጠይቅ። ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን ኩዊዝ ከ5፣ ክላስወርክ ከ5፣ የቤት ሥራ ከ10፣ ቴስት ከ10 እየተባለ ሮስተር ላይ የሚሞላ ቁጥር ሆነ። ዳይሬክተሩ የሚያየው ቁጥሩ መሞላቱን ነው፤ ሱፐርቫይዘሩም እንዲሁ። ጥያቄ ማርክ ከያዘ ተማሪው ላለመሳሳት ይኮርጃል፤ የኮረጀ ደግሞ ከራሱ አእምሮ ምንም አላወጣም። መምህሩም ለማርክ የሚሰጥ ጥያቄ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ጥያቄውን ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ግን ተማሪው በነጻነት ተሳስቶ ወዲያው ሲታረም ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የመምህራኑ የአምስት ደቂቃ ጥያቄዎች ከማርክ ሊስት ይውጡ። ሮስተሩ የሚፈልገውን ቁጥር ከሚድና ከፋይናል ይውሰድ።

ለመምህሩ ደግሞ ምክሬ ማንንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ በቃል አትመኑ ነው። አንድ ምዕራፍ ውሰዱ። አሥር ያህል ቁልፍ ሐሳቦችን ጻፉና በሳንቲም ውርወራ ለሁለት ክፈሏቸው። ለአምስቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዴ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ ጊዜ ያለ ማርክ ጥያቄ አቅርቡ፤ መልሱንም ንገሩ። ለሌሎቹ አምስት በዚያው ጊዜ ማስታወሻውን አስነብቡ፤ ሰዓቱ እኩል ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ አሥሩንም በአንድ ወረቀት ጠይቁና ሁለቱን ድምር አወዳድሩ። ሴክሽን ከሴክሽን ማወዳደር ስለማያስፈልግ ጎበዙ ክፍል የቱ ነበር የሚል ክርክር አይነሣም። ልዩነት ካላያችሁ ይህን መጣጥፍ ጣሉት። ካያችሁ ግን ያ ቁጥር የእናንተው ክፍል ቁጥር ነው፤ በሚቀጥለው ሥልጠና ፒራሚዱ ፕሮጀክተሩ ላይ ሲወጣ እጃችሁን አንሡና «ከስንት ቀን በኋላ ነው የተለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።